በእጄ የሸፈንኩት ጉድጓድ

ተደፈነ ገብርዬ፣ ተደፈነ። የመጨረሻው፣ አንተ የወደቅክበት ጉድጓድ ትናንት ከቀትር በኋላ እስከ አፉ ሞላና ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመበት። እኔም ቆምኩበት። ወርቅ አጣቢያችን ሐዋ እንኳ ጉልበቷን እያመማት ወጥታ ሁለት ጊዜ ዘለለችበት። አሁን ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው ሥር አንድም ክፍት ጉድጓድ የለም። ሣሩ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሄድ የሚውጥህ ነገር የለም።

ሰላምታዬን እንኳ ሳላስቀድም ለፈለፍኩት፤ ታውቀኝ የለ። እንደምን አለህ ልበል? አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝና ዳዊት ሲያስደግመኝ ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር አላሳየኝም። እኔ ግን እንደምን አለህ እላለሁ፤ ለሃያ ዓመት ከመንገድ በገባህ ቁጥር ያልኩህን ዛሬ ማን ያስተወኛል። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ነው። አንዳንዱ ቀን ትናንት የሄድክ ይመስለኛል። አንዳንዱ ቀን ደግሞ ድምፅህ እንዴት እንደነበር ይጠፋብኝና ተቀምጬ እፈልገዋለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው ግድግዳ አምና በዝናብ ዘሞ ነበር፤ በቀርከሃ ደግፈን አቆምነው። ልጅህ ትሁንዬ በቁመት አልፋኛለች። ሳቋ ቁርጥ ያንተ ስለሆነ እንግዳ ባለበት ስትስቅ አንድ ነገር የረሳሁ መስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ንግዱንም አልዘጋሁት። ሐዋና አራቱ ሴቶች አሁንም ከእኛ ጋር ወርቅ ያጥባሉ። ሐዋ አማርኛዋ እንደዚያው ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ «አንተ» ትለኛለች፣ ጎረቤታችንን አልበሽርን «አንቺ» ትለዋለች፤ ማንም አያርማትም፣ እሷም መታረም አትፈልግም። አህያዋም አለች፤ ያቺው አህያ። ልሸጣት ሁለት ጊዜ ገበያ አውጥቻት ሁለት ጊዜ መልሼ ጎትቻት መጣሁ።

ያን ያስነጠስክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሳምንት ሙሉ የታጠበውን ወርቅ ከገበቴው ወደ ላባው ቀፎ፣ ወደ ወርቅ መያዣችን፣ ልትጨምር ጎንበስ ብለህ፣ እኔ ደግሞ አጠገብህ ሆኜ ስለ ጎረቤት ጥጃ ስተርክልህ፣ ድንገት አስነጠሰህና ወርቁ እንደ ዱቄት ቤቱ ውስጥ ተበተነ። እኔ ልጮህ ስል አንተ ሳቅህ ቀደመኝ። ወለሉን ቆፍረን፣ አፈሩን በቅርጫት ወንዝ አውርደን የገዛ ቤታችንን አጠብነው። ሐዋ ቆማ እያየችን «ወንዙ አለቀ? አሁን ቤት ታጥባለህ?» አለችኝ። ያን ቀን እንደሳቅኩት ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ይህን ደብዳቤ በሁለት ጽፌዋለሁ። አንዱን መቃብርህ ላይ ቆሜ አነብልሃለሁ፤ ሁለተኛው ከነጋዴ ጋር አገርህ ወንበራ ሄዶ ወንድሞችህ ፊት፣ በሰው መሐል ይነበባል። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ነገር ለእነሱ ስል ከሥሩ እነግራለሁ፤ ታገሠኝ።

በበጋ እንቆፍራለን። ወርቅ ያለበት ጠጠር እስኪገኝ ሰው በሰው ላይ ቢቆም የማይደርስበት ጥልቀት እንወርዳለን፤ ጠጠሩን ወንዝ አውርደን እናጥባለን። ዝናብ ሲጀምር ሥራው ይቆማል። ጉድጓዱን ግን አንደፍነውም ነበር፤ ጎርፉ አዲስ ጠጠር ያመጣበታል ብለን ለከርሞ እናቆየዋለን። ሌላ ሰው እንዳያገኘው ደግሞ አፉን በቀርከሃ ርብራብ ዘግተን በሣር እንሸፍነዋለን። በዚህ ወንዝ ላይ ያለነው አምስት ቤት ነን፤ አምስታችንም ትንንሽ ነጋዴዎች፣ አምስታችንም እንዲሁ እናደርግ ነበር። ሰው ቢገባበትስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከሌላ ዓይን ስንደብቅ ከራሳችን እግር እንደደበቅነው ማን አስቦት።

በርብራብ ሥራ ደግሞ እኔን የሚያክል አልነበረም። የሌሎቹ ሽፋን ሣሩ ደርቆ ቢጫ ይሆናል፤ ከሩቅ ይታወቃል። እኔ ግን ሣሩን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅዬ ስለማነጥፈው ዝናብ ሲያገኘው ይበቅላል። አንተ ለሰው ሁሉ «የየሺን ሽፋን ዓይን አይለየውም» ትል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽህ።

በዚያ ግንቦት ዓባይ ሳይሞላ ወንበራ ለመድረስ ቸኩለህ ለንግድ ሄድክ። ያን አዲሱን ጉድጓድ የቆፈርነውም የሸፈንኩትም አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ምልክት ይሁን ብዬ ሦስት ድንጋይ አኖርኩ፤ ድንጋዮቹን ጎርፍ ወሰዳቸው። በኅዳር ስትመለስ ሣሩ ከሰው ራስ በላይ ነበር። የመጣህ ዕለት ምን ያልነገርኩህ ነገር አለ? ስለ ዝናቡ ነገርኩህ፣ ስለ ሐዋ ጉልበት ነገርኩህ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተፋታ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች ነገርኩህ። ስትበላም ስትታጠብም አላረፍኩም። ገብርዬ፣ ያን ሁሉ ያወራ አፌ አዲስ ጉድጓድ እንዳለ ግን አልነገረህም። በማግስቱ አህያዋ ጠፍታ ልትፈልጋት ወጣህ።

አህያዋን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ያገኘቻት ሐዋ ናት። አንተ ከጉድጓዱ ሥር ነበርክ። በገመድ ታስሮ ወርዶ ያወጣህ ደግሞ አልበሽር ነው፤ ሌላው ሁሉ አፉ ይናዳል ብሎ ሲፈራ እሱ ኩታውን ጥሎ ወረደ። ወንድሞችህ ይህንን ልብ ብለው ይስሙልኝ።

አራት ቀን ቤታችን ተኛህ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲወጣልን እጄን ይዘህ «የሺዬ፣ ጉድጓዱ የማን ነው ብለው ቢጠይቁሽ አላውቅም በይ። ወንድሞቼ ቢያውቁ ልጅቷን ይወስዱብሻል» አልከኝ። ስለ ሽፋኑ ክፉ ቃል አልወጣህም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሺ አልኩህ፤ አንተም እሺታዬን ይዘህ ሄድክ።

ወንድሞችህ በጥር መጡ። «ጉድጓዱ የማን ነው?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ። ከዚያ ቦታ አቅራቢያ የነበሩት የአልበሽር ጉድጓዶች ናቸውና ዓይናቸው ወደዚያ ሄደ። በቃል የከሰሰው የለም። ግን ከዚያ ወዲህ የወንበራ ነጋዴ ግቢው አላደረም፤ ጭነቱን አላራገፈበትም፤ ውኃ እንኳ ከሌላ ቤት ይለምን ጀመር። ድሮ ከአህያና ከሰው ብዛት መግቢያ የሚጠፋበት ግቢ ሣር በቀለበት። እሱ ግን ወንዝ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ የገብሬ ሚስት» ማለቱን አልተወም። እኔም ደህና እያልኩ መሬት መሬት አይ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አንተን አጥቼ አለቀስኩ ብዬ ለሰው እነግራለሁ፤ ግማሹ ለቅሶዬ የዚህ ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር ትሁን እንጨት ለቀማ ወጥታ የአንዱ ቤት ሽፋን ከእግሯ ሥር ከዳት። በጀርባዋ የተሸከመችው እንጨት አፉ ላይ ተጋድሞ ያዛት እንጂ አንተ ዘንድ ሄዳ ነበር። እስከ ብብቷ ሰምጣ፣ እግሯ ባዶ አየር ላይ ሆኖ ሐዋ ደርሳ ጎተተቻት። የምፈራው ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ነበር፤ ዝም ብዬ ስጠብቃት መሬቱ ሊወስዳት ነበር። ያን ቀን አንድ ልጅ ብቻ እንዳይደለች ገባኝ። የሁሉም ቤት ልጅ በዚያ ሣር ውስጥ ያልፋል።

አምስቱን ቤት አልበሽር ግቢ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ሰበሰብኩ። ጉድጓዱን ሁሉ እንድፈን፣ ከእንግዲህ የአምናውን ያልደፈነ አዲስ አይክፈት አልኩ። ምን ያልተባልኩት አለ። «የማያበላንን ነገር ስንሞላ ልንውል ነው?» አለ አንዱ። «የእኔ ጉድጓድ ሰው አልነካም፤ የነካው ይድፈን» አለ ሌላው። ይህን ሲል ወደ አልበሽር አየ። አልበሽር ፊቱ ጠቆረ። «የገብሬ ሚስት፣ ገባኝ» አለኝ፤ «ይሄ ሁሉ ጉባኤ እኔን በሰው ፊት ለማስያዝ ነው። ከጉድጓዱ ይልቅ አፍሽን ብትደፍኚው ሥራው ይቀል ነበር።» ሰው ሳቀ። ወትሮም ቢሆን እኔ ላይ መሳቅ ይወዳሉ።

ገብርዬ፣ ቃልህን ያፈረስኩት እዚያ ላይ ነው። «ጉድጓዱ የእኛ ነው» አልኩ። «የቆፈርነው እኛ ነን፤ ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለባሌ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አልበሽር የለበትም፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ።» ሳቁ ቆመ። 

አልበሽር ተነሥቶ ቤት ገባ። የሚመለስ አልመሰለኝም። ሲወጣ በአንድ እጁ ዶማ፣ በሌላው ቅርጫት ይዟል። ቅርጫቱን እግሬ ሥር ጣለልኝ። «ሁለት ዓመት እኔን አሸክመሽኛል» አለ፤ «አሁን ደግሞ አንቺ ተሸከሚ።» ሐዋ ቅርጫቱን አንሥታ ራሴ ላይ አደረገችልኝና «ና፣ ሂድ፣ ፀሐይ አለ» አለችኝ። ተከትለውን የወጡት መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በሳምንቱ አምስቱም ቤት ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ከራሳችን ሥራ ቀንሰን ደፈንን። የእኔ ሰው፣ የአንተ ሰው ሳይባል፣ ጉድጓዱም የማን ነው ሳይባል። ባለቤቱ የሞተበት፣ ባለቤቱ አገር ለቆ የሄደበት ሁሉ ነበር፤ እሱንም ደፈንን። ሃያ ሦስት ሆኑ፣ አስበው፤ በዚህች አንዲት ሜዳ ላይ ሃያ ሦስት ሰው የሚቀብር ቦታ በሣር አልብሰን ስንኖር ነበር። አሁን ሥራ ላይ ያለ ጉድጓድ ዙሪያውን እሾህ ይታጠራል፤ ሽፋን የሚባል የለም። ሌላው ቢያየው ይየው፤ ዓይን ወርቅ ይዞ አይሄድ። ከአጣቢዎቹ የታመመች ብትኖር የአምስቱም ቤት እህል ያግዛታል ተባብለናል፤ ይህን ያሰበው አልበሽር ነው።

ያንተን ጉድጓድ ለመጨረሻ ያቆዩልኝ እኔ ለምኛቸው ነው። ትናንት ጠዋት ሄድኩ። አንተ ከወደቅክበት ቀን ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ከመድፈናችን በፊት የተሰበረውን ርብራብ አወጡልኝ። መሐሉ ተሰብሯል፤ ዳር ዳሩ ግን እኔ እንዳሰርኩት ነው። ሦስት ክረምት በላዩ አልፎበት አንድ ቋጠሮ አልተፈታም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት። ጣቴ ደማ። ማንም አልቸኮለብኝም፤ አልበሽርም ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ጠበቀኝ። ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቅርጫት እኔ ገለበጥኩ። አፈሩ ሥሩ ሲደርስ የሰማሁትን ድምፅ ልነግርህ አልችልም።

እና ደስ ብሎኛል። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፣ ግን ደስ ብሎኛል። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አንተ ብትኖር ታስረዳኝ ነበር።

አቶ ተሰማ፣ አቶ ወርቁ፣ ወንድሞቼ፣ አሁን ለእናንተ ነው። እውነቱ ይኸው። በእኔ የምትፈርዱትን ፍረዱ፤ አልሸሽም። ትሁንን በተመለከተ ግን አድጋለችና ራሷን ጠይቋት። ስትመጡ ጭነታችሁን አልበሽር ግቢ አራግፉ፤ እዚያ እደሩ። ከዚህ ሌላ የምለምናችሁ የለኝም።

አንተን ገብርዬ፣ እሺ ብዬህ እሺታዬን ስላፈረስኩ ይቅር በለኝ። ለእኔ ብለህ ነው ዝም በይ ያልከኝ፤ አውቃለሁ። እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ዝናብ ሳይጀምር ይህን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር በእግሬ እዞረዋለሁ፤ ትሁንም ከኋላዬ። በየደረስንበት ስምህን እጠራለሁ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ዝም ብዬ አልሄድም።

ሜዳው ላይ አብረን እንበላለን ተባብለናል። ሁለት ፍየል አለ፤ አንዱን እኛ እናርዳለን፣ አንዱን አልበሽርና ሐዋ በእነሱ ወግ ያርዳሉ። ንፍሮው የእኔ ነው። አምስቱም ቤት ከነልጁ ይመጣል፤ ወንበራም ይምጣ፤ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ የሰማ ሁሉ ይምጣ፣ ሽማግሌም ቢሆን በበቅሎ ይምጣ፣ ሕፃናት በሣሩ ውስጥ እንደልባቸው ይሩጡ። ቀኑ ግንቦት ልደታ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ።