የ«ሰማይ ሲራራ» አባት፣ መምህር በዛብህ ዳምጠው

መምህር በዛብህ ዳምጠው ከአባታቸው ከአቶ ዳምጠው ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ ገብረሚካኤል ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ፣ የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረ ሰው ነበሩ። እናታቸው በገበያው ዳር ጨው፣ ክርና ሻማ ይነግዱ ነበር። በዛብህ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ሰብስቤ ተወልዷል። ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ የመረጠው ይኸንኑ ሰብስቤን ነው። የመረጡት ሌላ ጸሐፊ ስለጠፋ እንጂ፣ ሰብስቤ በወንድሙ የማይቀና ሰው ነው ብለው አይደለም። ቅናቱንማ ዲላ በሙሉ ያውቀዋል።

መምህር በዛብህ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታትለው በከፍተኛ ውጤት አጠናቀዋል። እንዴት ያለ ከፍተኛ ውጤት እንደነበረ ሰብስቤ ይመሰክራል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንድም መምህር በስሙ ጠርቶት አያውቅማ። «የበዛብህ ወንድም፣ ተነስ» ይሉታል። ተነስቶ የመለሰው ትክክል ከሆነ «ምን ይገርማል፣ የበዛብህ ወንድም አይደለም?» ይባላል። ከተሳሳተ ደግሞ «የበዛብህ ወንድም ሆነህ?» ይባላል። በየትም በኩል ቢመጣ ምስጋናው የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ትምህርት ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. በይርጋጨፌ ማስተማር ጀመሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ዲላ ተዛውረው እስከ ጡረታ ድረስ አስተምረዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሰለች ከፍያለው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ነብዩንና ናፍቆትን አፍርተዋል። ወንድማቸው በበኩሉ በማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነ። ይህ ሥራ ለሚቀጥለው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው የተነሳው፤ ሰብስቤ ራሱን በወንድሙ ቀብር ላይ ለማስተዋወቅ አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. በከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲከፈት፣ መምህር በዛብህ «የሰማይ ሲራራ» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ መጻፍ ጀመሩ። እንሰትና የቡና ችግኝ ጭነው፣ አርባ ቤተሰብ ይዘው፣ አዲስ ምድር ፍለጋ በጠፈር ውስጥ ስለሚጓዙ ነጋዴዎች የሚተርክ ነው። የመርከቧ አዛዥ ሴት ናት፤ ነጋድራሷ ትባላለች። ድራማው እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይተላለፋል። የሚቀረጸው የቡና ጆንያ በግድግዳው ሁሉ በሚስማር በተመታበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ጆንያው ማሚቶውን ይውጠዋል፣ ተዋንያኑን ደግሞ ያስነጥሳቸዋል። ሰብስቤም የድምፅ ሥራውን ያዘ። በር የሚከፍተው፣ ሞተር የሚያስነሳው፣ ኮከብ የሚያስወነጭፈው እሱ ነበር፤ በድስት፣ በጎማና በቆርቆሮ።

የድራማው ተዋንያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ተማሪ ደግሞ ይመረቃል። የመጀመሪያዋ ነጋድራስ ከጅማ የመጣችው ሀምዲያ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ድምጿን ለምዶ፣ ወዶ፣ በገበያ ውስጥ «ነጋድራስ!» እያለ ሲጠራት ቆይቶ፣ በአራተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ዲግሪዋን ይዛ ወደ አገሯ ገባች። በቦታዋ የአዲስ አበባዋ ትጊ ስትተካ ሬኮ በተባለው መንደር ቡና የሚለቅሙ ሴቶች «ነጋድራሷን ምን አሳመማት?» ብለው አስጽፈው ላኩ። በዛብህ ለዚህ የእንቅልፍ ክፍሉን ፈጠሩ፦ ጉዞው ረጅም ስለሆነ መንገደኛው በየተራ ይተኛል፣ ተኝቶ የሚነሳ ሰው ድምፁ ይለወጣል። ሕዝቡ ተቀበለው። «እኔም ከወባ ስነሳ ድምፄ ተለውጦ ነበር» ያለ አድማጭም አለ።

ሰብስቤም የራሱን ጨመረ። በመንግሥት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ እንኳ ያለ ርክክብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሰው እንዴት ይተላለፋል ብሎ የርክክብ ቅጽ አዘጋጀ። ተመራቂው ተዋናይ ለተተኪው ጠባዩን በዝርዝር ያስረክባል። «ነጋድራሷ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች እንጂ አትጮህም። ከመሳቋ በፊት ትንፋሽ ትስባለች። ዋሽታ አታውቅም።» አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ያረካከበው ሰብስቤ ዳምጠው ይፈርማል። ተማሪዎቹ ሳቁበት፣ ግን ፈረሙ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ነጋድራሶች፣ ሰባት መካኒኮች ሲፈራረቁ መርከቧ ያልተበተነችው በዚህ ወረቀት ነው ብሎ ሰብስቤ ያምናል።

በዛብህ ግን ከወረቀት ያለፈ ነገር ነበራቸው። ትጊ ስትናገር ትፈጥናለች፣ ቃል ትውጣለች፣ የሀምዲያ እርጋታ የላትም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ሀምዲያን ምሰይ ብሎ ያስጨንቃት ነበር። እሳቸው አንድ ወር ዝም ብለው አዳመጧትና ነጋድራሷን ወደ ትጊ ድምፅ አመጧት፦ በመርከቧ ውኃ እያለቀ ነው፣ ሴትዮዋ ቸኩላለች፣ ትዕግሥቷ ተሟጧል። ስድስት ሳምንት ያጉረመረመው ሕዝብ በሰባተኛው «ያቺ የፊተኛዋ እኮ ትዘገይ ነበር» ማለት ጀመረ። ሰብስቤ ጆንያው ሥር ቁጭ ብሎ ይህን ሲያይ አንጀቱ እርር ይል ነበር። እሱ ሰው ሲሄድ ጉድለቱን ይመዘግባል፤ ወንድሙ ከጉድለቱ አዲስ ታሪክ ያወጣሉ።

በ2006 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ሲሄዱ ድራማውን ለወንድማቸው ተዉለት። ሰብስቤ ቅጹን አዘጋጅቶ ቀረበ፤ መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና። ሳቁ። «ወንድማማቾች ነን፤ በቅጽ ልንፈራረም ነው?» አሉና በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ሰብስቤም አርባ ቤተሰብ ይዞ ጠፈር ላይ ቀረ።

የመጀመሪያው ዓመት አያድርስ ነው። ሚሊዮን የተባለው የጣቢያው ኃላፊ የአድማጭ ደብዳቤ ባስረከበው ቁጥር የሚነበበው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ጋሼ በዛብህ መቼ ነው የሚመለሱት?» በሁለተኛው ዓመት ሰብስቤ ጨከነና መርከቧን አሳረፋት። አዲስ ምድር ተገኘ! ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን ጻፈ። አርባው ቤተሰብ መሬት ይካፈላል፣ በድንበር ይጣላል፣ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ይዳኛሉ። ነጋድራሷ በጌዴኦ «ባሌ» በሚባለው የሥልጣን ርክክብ ሥርዓት ስምንት ዓመት የመራ ሰው ለተተኪው እንደሚያስረክበው ሥልጣኗን ታስረክባለች። እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ባጃጆች ጥግ ይዘው ይቆሙ ጀመር። ዱመርሶ ውስጥ በአንድ ቡና ማጠቢያ ሥራ ይቆማል ተባለ። አንድ ደብዳቤ መጣ፦ «ለአቶ ሰብስቤ ዳምጠው» የሚል፤ የማንም ወንድም ያልተባለበት። ቀጥሎ ሌሎች መጡ። ሰብስቤ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት በስሙ መጠራት ጀመረ።

መምህር በዛብህ ዲግሪያቸውን ይዘው በሐምሌ 2008 ተመለሱ። መስከረም 2009 የመጀመሪያውን ክፍል ይዘው መጡና ለሁሉም ሰው አደሉ። ሰብስቤ የደረሰውን ወረቀት ያነበበው ቀረጻው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ነጋድራሷ ከእንቅልፍ ክፍሉ ትነቃለች። ምድሩ፣ ክፍፍሉ፣ ሶንጎው፣ ርክክቡ፣ ሁሉም ሕልሟ ነበር። መርከቧ አሁንም እየተጓዘች ነው። የእንቅልፍ ክፍሉን በር የሚከፍተው ደግሞ የድምፅ ሠራተኛው ነው። ሰብስቤ የቆርቆሮ ሣጥኑን ክዳን አነሳ፤ ሲጢጥ አለ። ሁለት ዓመቱን በገዛ እጁ ሕልም አደረገው።

ከተማው «እሰይ፣ ጋሼ በዛብህ መጡ!» አለ። ያዘኑም ነበሩ፤ ግን ሰው ቶሎ ይረሳል። ሰብስቤም አንድ ቃል ሳይናገር ስምንት ዓመት በር ሲከፍት፣ ቅጽ ሲያስፈርም ኖረ። በፋሲካ የወንድሙን ዶሮ ይበላል፣ በልጆቹ ምርቃት ያጨበጭባል፣ እቤቱ ሲገባ ደግሞ ይንገበገባል። በዛብህ ሲመሰገኑ ራሱን ያመው ነበር። ይህን ሐዘንተኛው ሁሉ እየሰማ ማለት ያሳፍራል፤ ቢሆንም እውነት ነው።

መምህር በዛብህ ተማሪን በስሙ ጠርተው የሚያስተምሩ፣ ለተቸገረ የሚደርሱ፣ በዕድራቸው የተወደዱ ሰው ነበሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ወይዘሮ መሰለች ሾርባ ልታመጣ ወጥታ ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ሳሉ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦ «ሰብስቤ፣ ያን ምድር ያጠፋሁት ስለከፋ አይደለም። አዲስ አበባ ሆኜ እሰማ ነበር። ለሚሊዮን ደውዬ ደብዳቤ አለ ወይ ስለው፣ አለ፣ ለሰብስቤ ነው አለኝ። ስለ እኔ የጠየቀ የለም? ስለው ዝም አለ። ቀናሁብህ። መርከቧ አርፋ ሰው ከጠገበ እኔ ምን እሠራለሁ ብዬ ፈራሁ። ታናሼ ላይ ቀናሁ።»

ያን ጊዜ ሰብስቤ የተሰማው ይጻፍ ከተባለ ደስታ ነው። ወንድሙ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ሲያለቅሱ እሱ በሆዱ «እሰይ!» አለ። ቀጥሎ ማድረግ የነበረበት ግልጽ ነበር፤ እጃቸውን ይዞ «ጋሼ፣ እኔም እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀናብህ ነው የኖርኩት» ማለት። አላለም። በደል ደርሶበት በትዕግሥት እንደኖረ ንጹሕ ሰው አንገቱን ደፋና «ይሁን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አላቸው። እሳቸውም ይቅርታውን ተቀብለው አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ ጠየቃቸው፤ በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብሎ ይገባል፣ ብርቱካን ልጦ አጉርሶ ይወጣል።

መምህር በዛብህ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሰብስቤ መጀመሪያ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ግማሽ ገጽ ነበር። ልደት፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ ሞት፤ ስለ «ሰማይ ሲራራ» አንድም ቃል የለበትም። ብዕሩ አሁን በእሱ እጅ ነበርና አሥራ ስድስት ዓመታቸውን ሰረዛቸው። ወይዘሮ መሰለች አነበበችውና መልሳ ሰጠችው፦ «ሰብስቤ፣ ይሄ እኮ የማንም መምህር ታሪክ ነው። የእኔ ባል የቱ ጋ ነው?» ከዚያ ሌላ አላለችም። እሱም ሄዶ ይህን ጻፈ።

መምህር በዛብህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መሰለች ከፍያለውን፣ ልጆቻቸውን ነብዩንና ናፍቆትን፣ እንዲሁም በዛሬው ቀብር ላይ ከየአገሩ ተጠራርተው የመጡትን፣ አንዳቸው የሌላውን ድምፅ የተረከቡትን ተዋንያን ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ከሟች የተረፈ አንድ ታናሽ ወንድምም አለ። ቀንቶባቸዋል። እሳቸው በጆሮው የነገሩትን፣ እሱ ጆሮ ሳላቸው አልነገራቸውም።