አይጦቹና የታምራት ሽርጥ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

አይጦቹ ወዲያው አልታመሙም። ለነገው የባዮሎጂ ትምህርት ስዘጋጅ ያነበብኩት ነው፤ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጨረር ተለቀቀባቸው። ከዚያም እንደ ወትሯቸው በሉ፣ ተሯሯጡ፣ ወለዱ። አንዳንዶቹ ዕጢ፣ ሌሎቹ የደም ካንሰር የያዛቸው ከወራት በኋላ ነው። ጨረሩ የሴሉን የዘር መመሪያ ይሰብራል፤ ሴሉ አበላሽቶ ይጠግነዋል፤ ከዚያ መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል።

ታምራት አጠገቤ ብርቱካን ይልጣል። ባለቤቴ የነገሌ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነው። ጣቶቹን አየሁና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ማክሰኞ

አስተማርኩ። አንዷ ተማሪ፣ "ቲቸር፣ አይጧ መጎዳቷን በምን ታውቃለች?" አለችኝ። አታውቅም አልኳት። ስለ ታምራት እያሰብኩ መሆኔን ያወቁብኝ መሰለኝ።

ከትምህርት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ለካ ጉዱ እዚያ ነው። ከዱብሉቅ የመጣች እናት ልጄን ከራጅ መኪናው ጋር ብቻውን አልተውም ብላለች። እዚህ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ አንድ ብቻ ነው። ታምራት እሷን አለበሳትና እሱ በሸሚዝ ቆሞ የልጁን እግር ያዘ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አሉኝ።

"እሷ ገና ትወልዳለች" አለኝ ስቆጣው።

"እኛስ?" አልኩት።

ረቡዕ

ተኮራርፈን ዋልን። እልኸኛ ነው፤ እኔም አላንስም።

ምዕራፉን ደግሜ አነበብኩት። ጨረሩ ሲለቀቅ እግራቸው በእርሳስ የተከለለላቸው አይጦች ነበሩ። የእግራቸው መቅኔ ስለተረፈ በደም ካንሰር የተያዙት በጣም ጥቂት ናቸው። መከለል ይጠቅማል ማለት ነው። ልጁን ማንም ባይይዘው ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። የታምራትን አሮጌ ካኪ ሱሪ ቀድጄ ከረጢቶች ሰፋሁ፤ አሸዋ ሞላኋቸው። የልጁን እጅና እግር እነሱ ይጫኑ፤ እናትየዋ በር ላይ ሆና ታናግረው።

"ሱሪዬን ጨረስሽው" ብሎ ሳቀ። ታረቅን።

ሐሙስ

ሠራ! ከሻኪሶ የመጣ ሕፃን ከረጢቶቹ መሃል ተኛ። እናቱ ከበሩ ውጭ "አኒ አስ ጅራ" እያለች፣ እዚህ ነኝ እያለች፣ ዝም አሰኘችው። ራጁ ጥርት ብሎ ወጣ። ታምራት ከጨረር መከለያው ግድግዳ ጀርባ ነበር።

ደሙንም አስመርምሯል። ደህና ነው። አይጦቹም መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ይህን አልነገርኩትም። እንዲያረጅልኝ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሽማግሌ ሆኖ እንዲነጫነጭብኝ።

ዓርብ

አመሸብኝ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ገና ሰላም ሳይለኝ፣

"ለብሼ ነበር" አለኝ።

ከግመል የወደቀች ልጅ መጥታ ከረጢቶቹን ሁሉ በእግሯ ወርውራቸዋለች። መያዝ የግድ ሆነ። እናቷ ከውጭ ተጣራች፤ እሱ ሽርጡን ለብሶ ያዛት። እንዳልቆጣው ፈርቶ ከጠዋት ጀምሮ አላወለቀውም ነበር።

ያለፉት ዓመታት ምን ጥለውበት እንደሄዱ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው ላይ የሽርጡ ማንገቻ ያተመው ቀይ መስመር አየሁ። ቅባት አምጥቼ ቀስ አድርጌ አሸሁለት።