አንድ ብቻ የጻፉልህ ሰዎች

ይድረስ ለቀድሞው ባለቤቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? ወሩን ሙሉ የሰው ደጅ ስታንኳኳ ስለከረምክ አሳስቦኛል። ራይሊንስ ደህና ናት? አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ከነባሌ፣ ከነመጋረጃው ስለተረከበች ደህና ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከምርጫው ቅዳሜ ወዲህ እንዲያውም እንቅልፌ ተስተካክሏል።

የላክህልኝ አቤቱታ ደርሶኛል። «እንደ ድሮው አርሚልኝ» ብለሃል። «የከተማውን ምክር ቤት ወንበር በሠላሳ አንድ ድምፅ ያጣሁት ቆጣሪዎቹ ስላጭበረበሩኝ ነው» ትላለህ። ከቆጣሪዎቹ አንዷ እኔ ስለነበርኩ የሆነውን ልንገርህ።

አንተ ያደግከው ከወንዙ ማዶ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ነው። እዚያ ከአንድ ዕጩ ስም ጎን አንድ ቁጥር መጻፍ ይበቃል። እዚህ ቪክቶሪያ ግን ዕጩዎቹን ሁሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በቁጥር ካላስቀመጥን ወረቀቱ ውድቅ ነው። ይህን በትዳራችን ዘመን በየምርጫው ጠዋት ነግሬሃለሁ። አንተም በየምርጫው ጠዋት ጋዜጣህን ታነብ ነበር።

ጎረቤቴን መርቭን ልትቀሰቅስ የመጣህ ዕለት ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መርቭ፣ «ወንድሜ፣ እኔ የምሄደው ላልመረጠ ሰው የሚጣለውን ቅጣት ፈርቼ ነው። ደሞ ስድስት ሰው ደረጃ ስሰጥ ልዋል?» አለህ። አንተም፣ «ምን በወጣህ! ከስሜ ጎን አንድ በልና ከምርጫ ጣቢያው ደጅ የሚጠበሰውን ቋሊማህን ገምጠህ ወደ ቤትህ» አልከው። መርቭ ከልቡ ሳቀ። «ከተመራጭ አፍ ቁም ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

በጥርሴ የልብስ መቆንጠጫ ይዤ ነበር። አውጥቼ መናገር እችል ነበር። አላወጣሁትም።

ከዚያ በየደጁ ይህንኑ ስትሰብክ ሰነበትክ፤ ቅጣት ፈርቶ የሚመርጥ ሰው ሁሉ ወደደህ። በምርጫው ቀን ወረቀት የማድለው እኔ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ መራጭ «ሁሉንም ቁጥር ይስጡ» ማለት ሥራዬ ነው፤ ብያለሁም። ድምፄ ምናልባት ዝቅ ብሎ ይሆናል። በሰው ፊት ዝቅ አድርጊ እያልክ ያስተማርከኝ ግን አንተ ነህ። አንተም ወረቀትህን ልትወስድ መጣህ። አፌን ስከፍት፣ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብለህ አለፍክ።

ሳጥኑ ሲዘረገፍ አንድ ቁጥር ብቻ ያረፈባቸው ሃምሳ ስምንት ወረቀቶች ወጡ። ሁሉም ካንተ ስም ጎን ነው። አንዱ ላይ «በርታ!» የሚል ተጨምሯል። ውድቅ በሚባለው ክምር ላይ በገዛ እጄ ነው የደረደርኳቸው፤ ጠርዛቸውን ሳይቀር አስተካክዬ።

አቤቱታህን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ የሚታረም የለውም። ላከው። ወረቀቶቹ ዳኛው ፊት፣ ጋዜጠኛው ፊት ይዘርጉ። እኔም ለምስክርነት እቀርባለሁ። የአንዷን ወረቀት ጽሕፈት ገና ሳየው ለይቼዋለሁ። የ«1»ን ቁጥር አናቷን ባርኔጣ፣ ግርጌዋን ጫማ አልብሶ የሚጽፍ ሰው በሕይወቴ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱንም አግብቼው ነበር።

እግዚአብሔር ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፤ አንተን ማንም እንዳይመልስልኝ።

የቀድሞ ሚስትህ