የወደቀው ሰው ከመንገዱ እንዳይሰወር

ቀን፦ ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

በምዕራብ ሐረርጌ በግላቸው የቪዲዮ ጌም ለሚሠሩ ለተዘጋጀው ዓመታዊ የሽልማት ውድድር አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ጭሮ

ጉዳዩ፦ «መንገዱ ተዘግቷል» በተባለው ጌሜ ላይ ያለ ፈቃዴ የተደረገው ለውጥ እንዲነሳና በዚያው የተሰጠኝ አንደኛነት እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሚልካ ኩማ የጭሮ ከተማ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በሞባይል ጥገና ነው። ጌም መሥራት ያስተማረኝ ሰው የለም። ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ደንበኞቼ በሜሞሪ ከሚያመጡልኝ ቪዲዮ ለቃቅሜ ተማርኩ። ዘንድሮ የሠራሁትን ለውድድሩ አስገብቻለሁ።

1. በጌሙ ተጫዋቹ ከመቻራ ቡና ጭኖ ወደ ጭሮ የሚመጣ ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ጠብ ይገጥመዋል፤ መሣሪያ ስላለው ከፈለገ ይገድላል። ከገደለ ግን ሬሳው አይጠፋም። እንደተጋደመ ይቆያል፤ መኪናውም አያልፍም። መንገዱ የሚከፈተው ተጫዋቹ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሽማግሌዎች እስኪመጡ ሲጠብቅ ብቻ ነው። በአገራችን ነፍስ ያጠፋ ወገን ጉማ ሳያወጣ፣ ማለትም በሽማግሌ ፊት የደም ካሳ ሰጥቶ ሳይታረቅ፣ ከሟች ወገን ጋር በአንድ መንገድ እንደማይሄድ ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

2. እንዲህ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ ብሩ የዛሬ ሁለት ዓመት መቻራ መንገድ ላይ፣ በጭነት ተራ በተነሳ ጠብ፣ አንገቱን በገጀራ ተመትቶ ሞተ። የመታውን ሰው ስም ጉማው እስኪወጣ አልጠራም። ወሬው ደርሶኝ ስሄድ ብሩ ገና እዚያው አስፋልቱ ላይ ነበር። ምስክር እባላለሁ ብሎ የፈራ ሁሉ አላነሳውም። ከአይሱዙ የወረዱ ተሳፋሪዎች ልብሳቸውን ሰብስበው ተሻገሩት። አንዲት ሴት ጫማዋን ደም ቢነካው በእሱ እጅጌ ጠረገችው። በጌሙ የወደቀው ሰው የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ የብሩ ሹራብ ነው።

3. ጽሕፈት ቤቱ የመንገዱን መዘጋት እንደ ብልሽት ቆጥሮ አስተካክሎታል። አሁን ሰውየው እንደተገደለ ይሰወራል፤ ለገዳዩ ነጥብ ይጨመርለታል፤ መኪናውም ያልፋል። ሄጄ ስጠይቅ የውድድሩ ጸሐፊ ወ/ት ሰርክአዲስ «እትዬ ሚልካ፣ ጌምዎ እኮ ደርቆ ይቀር ነበር፤ እኛ ነን ያስኬድንልዎ። ደግሞ አንደኛ ወጥተዋል፣ እልል ይበሉ እንጂ!» አሉኝ። ክፋት እንደሌላቸው አምናለሁ። እልል ግን አላልኩም።

4. ይኸው የተለወጠው ጌም ከሰኞ ጀምሮ በውድድሩ አዳራሽ በትልቁ ስክሪን ለሕዝብ ክፍት ነው። ትናንት የብሩ ታናሽ ወንድም ጂሬኛ ገብቶ አየው፤ ሹራቡንም አወቀ። ወጣቶቹ «በለው! አንገቱን በለው! እለፍ እለፍ፣ ነጥብ አለው!» እያሉ ሲሳሳቁ ወንበር አንስቶ የሚጫወተውን ጎረምሳ አፉን መታው። የጎረምሳው የፊት ጥርሶች ረገፉ። ጂሬኛን ሰው ተረባርቦ አወጣው። ቤት ስገባ ገጀራ ሲስል አገኘሁት። ብለምነው «እትዬ፣ በአዳራሽ ገድሎ ማለፍ የሚያሸልም ከሆነ እኔን ምን ያስቀምጠኛል? እኔም አልፋለሁ» አለኝ። ስቀማው ቀኝ እጄን ቆረጠኝ። ይህንን የምጽፈው በግራዬ ስለሆነ ለፊደሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገጀራው አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ገበያው ግን ገጀራ ሞልቶታል።

5. ሽልማቱ ቅዳሜ ነው። እሑድ የገዳዩ ወገኖች ለጉማ ጭሮ ይገባሉ። ሽማግሌው አቶ ዓሊዩ ይህችን ቀን ለማግኘት በሁለቱም ወገን ደጅ ሲጠኑ ከርመዋል። የትናንቱን ሲሰሙ «ልጄ፣ ጂሬኛ ካልተገኘ ጉማ የለም። ገጀራ ይዞ ከተገኘ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ያ ጌም በመድረክ ታይቶ ከተጨበጨበለት፣ እሑድ ጂሬኛ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም።

ስለዚህ፦

ሀ. የተለወጠው ጌም ዛሬውኑ ከስክሪኑ እንዲወርድልኝ፤

ለ. አንደኛነቱ ለሌላ ተወዳዳሪ እንዲሰጥና ስሜ በመድረክ እንዳይጠራ፤

ሐ. መታየቱ ግድ ከሆነ እኔ ያስገባሁት ቅጂ እንዲታይ፣ ይቆማል ከተባለም ቆሞ እንዲታይ በትሕትና አመለክታለሁ።

ዳኞቹ የእኔን ቅጂ እንደገና ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሲዘጋባቸው ቁልፉን አይደብድቡት። መሣሪያውን አስቀምጠው ከሰውየው አጠገብ ይቀመጡ። ይረዝማል፤ ሰው ግን ይመጣል።

ይህን ስጽፍ ጂሬኛ ከጎኔ ነው። የራሴን ቅጂ ከፍቼ ሰጥቼዋለሁ። እየተሳደበ ደጋግሞ ገደለ፤ ደጋግሞ መንገዱ ተዘጋበት። አሁን መሣሪያውን አስቀምጦ ከወንድሙ ሹራብ አጠገብ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ገና አልመጡለትም። እስኪመጡለት ድረስ፣ እባክዎ፣ ያኛውን ያውርዱልኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሚልካ ኩማ
(ፊርማ፣ በግራ እጅ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ዓሊዩ፣ የጉማው ሽማግሌ