የወይንሸት ቴትረን ቀሚስ

መስከረም 14፣ ቡታጅራ

ለመስቀል ከቤይሩት ገባሁ። ታላቅ እህቴ ወይንሸት በወጣትነቷ ያሰፋችውን ሰማያዊ ቴትረን ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከወለደች ወዲህ ወገቧ ላይ አልዘጋ ብሏት ሳጥን ውስጥ ያኖረችው ነው። ዛሬ ጭራሽ ሰፍቷት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ሳቅፋት አጥንቷ ወጋኝ።

አክስቴን ጓሮ ወስጄ «ምን ሆና ነው?» ብዬ አፋጠጥኳት።

«ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ካሉ ቆዩ። ሰው አገር ላለ ሰው ይሄ በስልክ ይነገራል እንዴ?» አለችኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር! በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ጅሏ አምናለሁ። ሻንጣ ሙሉ ያመጣሁላት ልብስም በድሮ ልኳ ነው።

ልጅ ሳለሁ የዚያን ቀሚስ ጫፍ ከነካሁ እጄን ትመታኝ ነበር። ዛሬ ከእራት በፊት አውልቃ፣ አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፤ አንቺ ላይ ያምራል።»

«እትዬ፣ አልወስድም!» ብዬ ተቆጣኋት። ሳላስበው ጫፉን ነካሁት።

ምነው እጄን በመታችኝ።