ነገ ከዳቡስ ትወጣለህ

ጌትዬ፣ የቤቴ ዋልታ፤

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ አምስተኛው ክረምት አለፈ። «አሮጊት ተማሪ» እያልክ የሳቅክባት የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ለዚህ ቀን ደረሰች፤ እየተንገዳገደችም ቢሆን ትጽፍልሃለች።

አገሩ ሌላ ሆኗል። ደርግ ወደቀ። ሰፈራ ጣቢያችንም ጣቢያነቱ ቀርቶ እንደ ሰው አገር ቀበሌ ተብሏል። ክልል የሚሉት መጥቶ አሶሳ ዋና ከተማው ሆናለች፤ መኪናው ሹም ጭኖ ሲመላለስ አቧራው እኛ ቤት ይገባል። አብረውን ከወሎ የመጡት ግማሾቹ መንገዱ ሲከፈት ተመለሱ፣ ጎጇቸውን ምስጥ በልቶ ጣለው። ጉማሬው ብቻ ያው ነው። «ባለርስቱ» ትለው አልነበር? ዘንድሮም ከዳቡስ እየወጣ በቆሎዬን ሲረጋግጥ ከረመ።

የመጣን ጊዜ በጋ ነበር። አንተ ወንዝ የምታውቀው በገደል መሃል ሲሮጥ ነውና፣ ዳቡስ ሜዳው ላይ ደርሶ ሲበታተን፣ በደንገልና በፊላ መካከል በየቦዩ ሲተኛ ብታይ «ይሄስ ወንዝ አይደለም፣ እረኛ ያጣ ከብት ነው» ብለህ ሁላችንንም አሳቅኸን። ሜዳው ሽመላና ይብራ ብቻ ነበር። የጎረቤታችን የሐዋ ባል፣ ያ ደግ የበርታ ሰው፣ አምባዛ በጦር መውጋት ሲያስተምርህ አንተ ከዓሣው ይልቅ ጭቃውን ነበር የምትወጋው። እኔና ልጃችን ትርንጎ ዳር ቆመን በሳቅ ፍርስ!

ያቺን አንድ ፍሬ ልጃችንን ወባ የነጠቀን በዚያው በጋ ነው። ጥላው ለምለም ነው፣ መሬቱም ደረቅ ነው ብለን ሜዳው ላይ ካለው ሾላ ሥር ቀበርናት። ሐዋ እየሮጠች መጥታ እጇን እስከ ወገቧ እያነሳች ታሳየን ነበር። ምን ይግባን? እኛ የእሷን ቋንቋ አናውቅ፣ እሷም የእኛን። ክረምት ሲገባ ግን ገባን። ዳቡስ ከየቦዩ ወጥቶ ሜዳውን ሁሉ ዋጠው፤ ሾላውን ራሱን ገንድሶ ወሰደው። ውሃው ሲሸሽ የደረደርነው ድንጋይ እንኳ አልነበረም። ዶማህን ይዘህ በደንገሉ ውስጥ ስትዞር፣ «የት አደረስካት?» እያልክ ውሃውን ስትጠይቅ አሁንም ይታየኛል። ወይ አንጀቴ!

ለዚህ ነው ነፍስህ ልትወጣ ስትል «እኔንም ውሃ እንዳይበላኝ፤ አገር ሲረጋ አጽሜን ከአባቴ ደጅ አድርሺልኝ» ያልከኝ። እሺ አልኩህ። ይኸው አገር ረጋ፤ ወንድምህ አበራ ከወሎ መጣ፣ ቄሱም ፈቀዱ። ዛሬ ጠዋት አጽምህን አወጣን። በአዲስ አቡጀዲ የጠቀለልኩህ እኔ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ነህ። ምን ያህል ቀለልክ ጌትዬ? በሬ ገፍቶ የሚጥለው ያ ጉልበትህ የት ገባ? አቅፌህ ቤት ስገባ አልከበድከኝም፣ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

አበራ አብረሽን ነይ ይለኛል። «እዚህ ምን ቀረሽ? ማን አለሽ?» ይላል። ክፋት የለበትም፣ አዝኖልኝ ነው። አገሬም ሳይናፍቀኝ ቀርቶ አይደለም፤ የገብስ እሸት ሽታ በሕልሜ ይመጣል። ሐዋ ዛሬ አማርኛ ለምዳለች፣ ስተክዝ ካየችኝ አጠገቤ ቁጭ ትልና «ልጅ አልጠፋም፤ ውሃ ይዞታል» ትለኛለች። ታዲያ ውሃ የያዛትን ልጄን ለማን ትቻት ልሂድ? አንተ እዚያ አባት አለህ፣ ዘመድ አለህ። እሷ ከእኔ በቀር ማን አላት?

እንዳትቀየመኝ። ነገ አንተ ትወጣለህ፣ እኔ እቀራለሁ። አንድ አፈር ውስጥ እናርፋለን ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ዝክርህን ግን አላስታጉልም፤ ጉማሬው ካተረፈልኝ በቆሎም ቢሆን በየዓመቱ አወጣለሁ። ስምህን ከእሷ ስም ሳልለይ እየጠራሁ እኖራለሁ።

የእኔ ቀን ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ለሐዋ ነግሬያታለሁ። ቄሱ ይቆጡ ይሆናል፣ ሰዉም አበደች ይል ይሆናል፤ ይበል። ከፍ ወዳለው መሬት አትውሰዱኝ ብያታለሁ። ዝቅ ካለው ቅበሩኝ፣ የክረምቱ ውሃ ከሚደርስበት። ዳቡስ የት እንዳደረሳት ያውቃል፤ እኔንም እዚያው ያድርሰኝ።

የትርንጎ እናት