የሱፍያን የመቅደላ ጉዞ

ውድ እህቴ ኡምኩልሱም፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ መካነ ሰላም ዝናቡ ደግ ነው።

ተማሪ በአውቶቡስ ጭኖ ታሪክ ማስጎብኘት በአገራችን የጀመረው ታላቃችን ሱፍያን፣ ሰሞኑን ወደ መቅደላ ሲሄድ መንገድ የዘጉ ጎረምሶች አስቆሙት። «ኧረ ተማሪዎች ናቸው!» ቢላቸው ጭንቅላቱን በቆመጥ አሉት። መስታወቱን በድንጋይ አረገፉት። እሱ ደሙ እየወረደ በሩ ላይ ተገትሮ አንድም ልጅ አላስነካ።

አሁን ቤት ነው፣ እህልም ይቀምሳል። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉለት። ትናንት ተማሪዎቹ ሊጠይቁት መጥተው እንዳስለመዳቸው ተሰለፉለት። እኔን ታናሽ እህቱን፣ «እትዬ፣ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለኝ። ቀልዱን ታውቂው የለ፣ ሳቅን።

ለዓረፋ ከቀናሽ ነይ። ስትገቢ ግን ስምሽን ከበሩ ጀምረሽ ንገሪው።

አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።
እህትሽ በዛች